ከጠጅ ቤት ያወጣሁት ሰፈፍ

በሕይወቴ ጠጅ ቤት የገባሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም ለንብ ብዬ ነው። ይህን ስናገር እዚህ ሪያድ አብረውኝ የሚኖሩት የአገሬ ልጆች ይስቁብኛል። «ጠጅ ቤት የገባ ሁሉ ምክንያት አለው» ይሉኛል። ይሳቁ። እናንተ ግን እስከ መጨረሻው አንብባችሁ ፍረዱ።

ያን ጊዜ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ቤታችን ከመካነ ሰላም ከተማ በእግር ሁለት ሰዓት ግድም ያስኬዳል። አባቴ ሼህ ይማም የአካባቢውን ልጆች ቁርኣን የሚያስቀሩ ሰው ናቸው። እኔም የእሳቸው ልጅ ሆኜ ነው መሰል ጥንቁቅ ነበርኩ። ጥንቁቅ ስላችሁ ዝም ብላችሁ እንዳታልፉት። ለሶላት ውዱእ አድርጌ ጥቂት ከተራመድኩ በኋላ «ክርኔ ደርቆ ቀርቶ ይሆን?» ብዬ የምመለስ፣ ዶሮ ጥላዬን ብትረግጥ ልብሴን የማጥብ ዓይነት ነበርኩ። እናቴ «ይህች ልጅ ጀነት በር ላይ ደርሳ፣ ወለሉ ተጠርጓል ወይ ብላ ትጠይቃለች» ትለኝ ነበር።

ይህች ጥንቁቅ ልጅ ዓረብ አገር ልትሄድ ተነሣች። ፓስፖርት ወጣ፤ ቪዛ መጣ፤ ከቤት የምነሣበት ቀን ተቆረጠ። የቀረኝ የአባቴ ዱዓ ብቻ ነበር። ሌሎች ልጆች ሳይመረቁም፣ ሳያስፈቅዱም ይሄዳሉ፤ እኔ ግን ያለ አባቴ ዱዓ ከግቢው የሚያወጣኝ እግር አልነበረኝም። እሳቸው ደግሞ እንቢ አሉ። ክርክሩ ሰነበተና ጩኸት ሆነ። ድምፄን በአባቴ ላይ ከፍ ያደረግሁት ያኔ ነው፤ ከዚያ በፊት አላደረግሁትም።

በዚያው ሳምንት፣ ጓሮ ወይራችን ላይ ከተሰቀለው ብቸኛ ቀፎ ንቡ ተሰደደ።

«ይኸው» አሉ አባቴ ባዶውን ቀፎ እያዩ፣ «ንብ ጠብ ያለበት ቤት አይቀመጥም። ታዝቦን ሄደ።»

ይህ በእኛ አገር የታወቀ ነው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም ያምንበታል። እኔ በበኩሌ እንደ ቁጣ መልእክት ወሰድኩት። ቢያንስ ቀፎውን ላስተካክል ብዬ ሙሉ ቀን ለፋሁበት። ከሁለት ቀን በኋላ አባቴ እናቴን ምስክር አስቀምጠው ጠሩኝ።

«አንች ልጅ፣ እኔና አንች ተከራክረን አልጨረስንም። አላህ ይፍረድ። እስከ ጉዞሽ ቀን ቀፎው ውስጥ ንብ ከገባ ቤታችን ታርቋል ማለት ነው፤ መርቄ እሸኝሻለሁ። ካልገባ ግን ትቀሪያለሽ፤ የሰኢድንም ሽማግሎች እቀበላለሁ።»

ሰኢድ በመካነ ሰላምና በወረኢሉ መካከል አይሱዙ የሚያሽከረክር ጎልማሳ ነው። መስጊድ ውስጥ ከፊት መስመር አይጠፋም፤ ሲሄድ ዓይኑን ከመሬት አያነሣም። ክፋት የለበትም። ጥፋቱ እኔ ሪያድን ሳስብ እሱ መምጣቱ ብቻ ነው።

«እሺ አባ» አልኩ ወዲያው። ሰው ከሚፈርድብኝ ፈጣሪ ቢፈርድ አይሻልም? ዘጠኝ ቀን ነበረኝ።

ሦስቱን ቀን ወይራው ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ዚክር አደረግሁ። ጊዜው ክረምት የወጣበት፣ ሜዳው ሁሉ ቢጫ አበባ የለበሰበት፣ የንብ መንጋ ቤት ፍለጋ የሚዞርበት ነው። ቃፊሮቹ፣ ማለትም ቤት እንዲያዩ ቀድመው የሚላኩት ንቦች፣ ሁለት ሦስት እየሆኑ ይመጡ ነበር። ቀፎውን ይዞሩታል፤ አፉ ላይ ያርፋሉ፤ ከዚያ ሽንት ቤቱን አይቶ ፊቱን እንዳጨማደደ ተከራይ ብድግ ብለው ይሄዳሉ።

በአራተኛው ቀን እናቴ አጠገቤ መጥታ ቆመች።

«አንች፣ ይህን ቀፎ ምን አድርገሽው ነው?»

«አጠብኩት።»

«በምን?»

«በሳሙና ነዋ። ከዚያ በበረኪና።»

እናቴ ቀስ ብላ መሬት ላይ ተቀመጠች። «የንብ ቀፎ! በበረኪና!»

«ትል ነበረበት እኮ እማ። ሸረሪትም ነበረበት። አሮጌውን ሰም ሁሉ ፍቄ አቃጠልኩት። ንጽሕና ከእምነት ነው አላልሽኝም?»

«ለሰው ነው ያልኩሽ! ንብ ምን ልታደርግበት ነው፣ ልትሰግድበት? ንብ የምትገባው ንብ ንብ የሚሸት ቤት ነው። አያትሽ ባዶ ቀፎ ሲሰቅሉ ውስጡን በሰም ነበር የሚያሹት። አንች ሆስፒታል አድርገሽዋል!»

ያኔ ነው የገባኝ። ፈጣሪ ሊፈርድልኝ ቢፈልግ እንኳ በሩን በበረኪና ዘግቼበታለሁ።

«ሰም ከየት ላምጣ?»

«ሰም የት አለ በዚህ ጊዜ፤ ማር ገና አልተቆረጠ። ሰፈፍ ፈልጊ እንጂ።»

ሰፈፍ ማሩ በውሃ ተበጥብጦ ጠጅ ሲጣል ከላይ የሚንሳፈፈው የሰም ቅሪት ነው። ይገፈፍና ይጣላል፤ ንጹሑን የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ለጧፍ ይገዙታል። «የት ይገኛል?» ብዬ ልጠይቅ አፌን ከፈትኩና ተውኩት። እናቴ ዝም ብላ አየችኝ። ዝምታዋ አድራሻውን ከነምልክቱ ነገረኝ።

«እትዬ ደስታ ጋ?» አልኩ በሹክሹክታ።

«እኔ ምንም አላልኩ።»

«ጠጅ ቤት እኮ ነው!»

«ጠጅ ጠጭ አልኩሽ? ለአባትሽ አትንገሪ። ካልጠየቁሽ ውሸት አይሆንም።»

«ከጠየቁኝስ?»

«እንዳይጠይቁሽ ቶሎ ቶሎ ፊታቸው አትመላለሽ።»

በማግስቱ ገበያ ነበር። ሂጃቤ ላይ ነጭ ነጠላ ደርቤ፣ ፊቴን ሸፍኜ መካነ ሰላም ገባሁ። የጠጅ ቤቱን አጥር ሦስት ጊዜ ዞርኩት። ሰው ሲመጣ አጠገቡ ያለው ወፍጮ ቤት በር ላይ ወረፋ የያዝኩ መስዬ እቆማለሁ፤ እህል ግን አልያዝኩም። በመጨረሻ በጓሮ በር ልገባ ስል ሌላ ጭንቅ መጣብኝ። መስጊድ ሲገባ ቀኝ እግር ይቀድማል፤ ሽንት ቤት ሲገባ ግራ። ስለ ጠጅ ቤት የተማርኩት ነገር የለም። ሁለቱንም እግሬን ሰበሰብኩና ዘልዬ ገባሁ።

እትዬ ደስታ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ጓሮው መሐል ቆመዋል። ዝላዬን አይተውታል።

«ኧረ በማርያም! የሼህ ይማም ልጅ አይደለሽ? አንች ደግሞ ምን ሸቶሽ መጣሽ?»

«ሰፈፍ ፈልጌ ነው እትዬ። ለንብ ማጥመጃ።»

«ውስጥ ያሉትም ሁሉ ለሚስቶቻቸው የሚሉት እንደዚህ ያለ ነገር ነው» ብለው ሳቁና ከማድ ቤቱ ኋላ ወሰዱኝ።

ሰፈፉ ያለው ዝገት የበላው በርሜል ውስጥ ነው። በየጊዜው እየገፈፉ ሲጥሉበት አንዱ ባንዱ ላይ ተጋግሮ፣ ደርቆ፣ ድንጋይ ሆኗል። የጌሾ ቅጠል፣ የንብ ክንፍ፣ ገመድ፣ አንድ የሸሚዝ ቁልፍም አብሮ ረግቶበታል። «ይኼ ለጧፍ አይሆንም ብለው የተዉት ነው» አሉ እትዬ ደስታ። «ካወጣሽው በነጻ ውሰጅው። ካላወጣሽውም በርሜሉን ተሸክመሽ ሂጅ፤ ተገላግዬ።»

አሮጌ መጥረቢያ ሰጡኝ። አንገቴን በርሜሉ ውስጥ ቀብሬ፣ ትንፋሼን ይዤ ፈለጥኩት። የጠጁ ሽታ አፍንጫዬን ሲመታኝ፣ በትንፋሽ ይሰከራል ወይስ አይሰከርም የሚለውን ማንን እንደምጠይቅ እያሰብኩ ነበር። ጥያቄውን የሚመልሱልኝ አባቴ ነበሩ፤ እሳቸውን ደግሞ መጠየቅ አልችልም። ጓሉ እየተፈለጠ ሲወጣ በድስት ውሃ ላይ ጣድነው። ሰሙ ቀልጦ ወደ ላይ ሲመጣ እትዬ ደስታ ማጥለያ ጨርቅ አቀበሉኝ። ጨርቁ ጠጅ ጠጥቶ ጠጥቶ ወርቅ መስሏል። እጄን ሰበሰብኩ።

«በራሴ ነጠላ ላጥልለው፣ እትዬ።»

«ሰፈፉ ዓመት ሙሉ ጠጅ ውስጥ ሲዋኝ ከርሞ፣ ጨርቁን ነው የተጠየፍሽው?» አሉና ወደ ቤቱ ተጣሩ። «አንተ! እዚያ ጥግ የተቀመጥኸው! ና ጨርቅ ያዝላት፤ እኔ ድስቱን ላንሳ!»

ሰውየው ብርሌውን እንደያዘ ወጣ። ሰኢድ ነው። የፊት መስመሩ ሰኢድ።

ተያየን። እኔ ነጠላዬን አውልቄያለሁ፤ እጄ ጥላሸት ነው፤ ሂጃቤ ላይ የጌሾ ቅጠል ተለጥፏል። እሱ ዓይኑን ከመሬት አነሣ፤ ሲያነሣው ያየሁት ያን ቀን ነው።

«ብርዝ ነው» አለኝ፣ ሳልጠይቀው። ብርዝ ያልፈላ የማር ውሃ ነው፤ አያሰክርም። የእሱ ብርዝ ግን ትንሽ ያወዛውዝ ነበር።

«ሰፈፍ ነው» አልኩት፣ እሱም ሳይጠይቀኝ።

«ማንም አልጠየቃችሁ» አሉ እትዬ ደስታ። «ጨርቁን ያዙ፤ ድስቱ አቃጠለኝ!»

ነጠላውን በሁለት ጫፍ ያዝነው። ትኩሱ ሰም ሲወርድበት፣ እንዳይፈስ እየጠመዘዝን፣ ሰኢድ ቀስ ብሎ ለምን እንደሆነ ጠየቀኝ። መዋሸት አልቻልኩም፤ ሁሉንም ነገርኩት።

«እና ንቡ ከገባ ትሄጃለሽ?»

«አዎ።»

«ካልገባስ?»

«አንተን አገባለሁ።»

ትንሽ አሰበ። ከዚያ ብርሌውን መሬት አስቀመጠ፤ እጅጌውን ጠቀለለ። «በደንብ እንጭመቀው» አለ።

በኋላ እንደነገረኝ ወረኢሉ ውስጥ የሚወዳት ልጅ ነበረችው። አባቱ ግን «የሼህ ልጅ» ብለው ድርቅ ብለዋል። ወላሂ፣ እንደዚያ ቀን ሰኢድ ለአንድ ጉዳይ የለፋ ወንድ አላየሁም። አመዱን አራገፈ፤ የረጋውን ዳግም አቀለጠ፤ የቀረችውን እንጥፍጣፊ በማንኪያ ፋቀ። ሰሙ ቀዝቅዞ ሲረጋ አንድ ዳቦ የሚያህል ቢጫ ጥፍጥፍ ወጣው።

«እዚህ አላየሁሽም» አለኝ ስወጣ።

«እኔም ብርዝህን አላየሁም» አልኩት።

በመንገዴ ካለው ወንዝ ቆሜ ጥፍጥፉን ሰባት ጊዜ አጠብኩት። ቤት ስደርስ ነጠላውን ሦስት ጊዜ አጥቤ አጥሩ ላይ አሰጣሁት፤ እናቴ ግን ተቆጥታ፣ ሽታው እስኪለቀው እዚያው ይሰንብት ብላ ማለች። በማግስቱ ከእናቴ ጋር የቀፎውን ውስጥ በእበት ለቀለቅነው፤ በወይራ ጭስ አጠንነው፤ ሰሙን አሙቀን ከአፉ እስከ ጀርባው አሸነውና መልሰን ሰቀልነው። አባቴ ከበር ሆነው አዩን፤ ጉሮሯቸውን ጠርገው ገቡ። ከዚያ በኋላ ቃፊሮቹ አመላቸው ተለወጠ። ይገባሉ፤ ይቆያሉ፤ ይወጣሉ፤ ሌላ ይዘው ይመለሳሉ። ግን መንጋው አልመጣም። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን ቆጠርኩ። ሻንጣዬን አንድ ቀን አሰርኩት፤ አንድ ቀን ፈታሁት።

የጉዞዬ ዋዜማ ረፋድ ላይ፣ ልጆቹ ደጅ ቁርኣን ሲቀሩ፣ ዳገት የሚወጣ መኪና የመሰለ ድምፅ ከጋራው በኩል ተሰማ። የልጆቹ ድምፅ አንድ በአንድ ተቋረጠ። ሰማዩ ላይ ቡናማ ደመና እየተንከባለለ መጣ። ወይራውን ዞረው። ቀፎውን ዞረው።  ከዚያ ድንገት ታጠፈና አጥሩ ላይ፣ ነጠላዬ ላይ ዘፍ አለ። ሦስት ጊዜ ቢታጠብም ሰም ሰም ይሸታል ለካ! ወዲያው ነጭ ነጠላ መሆኑ ቀርቶ እንደ ሽማግሌ ጺም የተንጠለጠለ ንብ ሆነ።

«አልገባም» አሉ አባቴ ከበራፍ።

«መጣ እኮ አባ!»

«ቃሉ ቀፎ ነው። ነጠላ ቀፎ አይደለም።»

«መንጋ እንግዳ ነው» አለችኝ እናቴ በጆሮዬ። «ቶሎ ግባ ካላሉት ይሄዳል። እኔ ቀፎውን ላውርደው፤ አንች ነጠላውን አምጪ።»

«እኔ?»

«ሪያድ የምሄደው እኔ ነኝ?»

ዝንብ የምሸሽ ሰው ነኝ። ሆኖም ቢስሚላህ ብዬ ነጠላውን ከአጥሩ እሾህ ላይ በሁለት እጄ አላቀቅሁት። ከባድ ነው፤ ይሞቃል፤ እጄ ላይ ይርገፈገፋል። አንዷ በእጅጌዬ ገባች። አንዷ ጆሮዬን ነደፈችኝ። ወደ ቀፎው ሃያ እርምጃ ያህል ይቀረኛል። ልሮጥ ስል የአባቴ ድምፅ አስቆመኝ።

«አትሩጭ! ቀስ! በአፍሽ አትተንፍሽባቸው፣ ወደ ጎን፣ ወደ ጎን! ግራሽን ዝቅ!»

እንዳይገባ የሚፈልጉት ሰው ናቸው እንዲገባ መንገድ የሚመሩኝ። ሳላውቀው ከበራፉ ተነሥተው አጠገቤ ደርሰዋል። ግንባራቸውን ሁለት ጊዜ ሲነደፉ እንኳ እጃቸውን አላነሡም፤ ዓይናቸው ከእጄ አልተነቀለም።

ነጠላውን ቀፎው አፍ ላይ ዘርግቼ አራገፍኩት። ንቡ እንደ እህል ፈሰሰ። ለጊዜው ዝም ብሎ ተንጋጋ። ከዚያ ጥቂቶቹ ጅራታቸውን አንሥተው ክንፋቸውን አራገቡ፤ ቀሪዎቹ እንደ ገበያተኛ እየተጋፉ ወደ ውስጥ ተመሙ።

«አውራዋ ገባች! አየኋት!» አለች እናቴ። ልጆቹ ጮኹ።

አባቴ ጎንበስ ብለው ከቀፎው ጠርዝ ላይ ሰም በጥፍራቸው ፍቀው አሸተቱ።

«ይኼ ሰፈፍ ከየት ነው?»

«ከመካነ ሰላም ነው አባ።» ውሸት አይደለም።

«ከመካነ ሰላም የት?»

ገበያ ማለት እችል ነበር። ገበያ ቀን ነበር፤ ጠጅ ቤቱም ከገበያው ጀርባ ነው። አንድ ቃል ነው የሚለየኝ። ያንን ቃል ብናገር ግን ዱዓቸውን ሰርቄ መሄዴ ነው።

«ከእትዬ ደስታ ጠጅ ቤት» አልኩ።

«ገባሽ?»

«በጓሮ በር ነው።»

«በጓሮ በር የገባ አልገባም የሚል ኪታብ አላየሁም።»

«ሰባት ጊዜ አጥቤዋለሁ አባ።»

«ሰባት ጊዜ የሚታጠብ ውሻ የላሰው ነው። ውሻ ልሶታል?»

«አይ... ቃልዎን መመለስ ይችላሉ አባ። ሐራም ካለበት፣ እቀራለሁ።» እንባዬ መጣ።

አባቴ ቀፎው አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጡ። ግንባራቸው አብጧል። 

«ቀፎውን ያጠብሽ ዕለት» አሉ፣ «የበረኪናው ሽታ እምሰግድበት ድረስ ደርሶ ነበር። ይህን ቀፎ ዝንብም አይጠጋው አልኩ በልቤ። ቃሉን የሰጠሁሽ ከዚያ በኋላ ነው። አላህ ይፍረድ አልኩሽ እንጂ፣ ፍርዱን እኔ ጨርሼው ነው የመጣሁ።» ያበጠ ግንባራቸውን ዳሰሱ። «የአንች ጠጅ ቤት ይሻላል። አንች ሰፈፍ ነው የወሰድሽ። እኔ የአላህን ስም ነው የወሰድኩ።»

እንባዬን በእጅጌዬ ጠረግሁ። 

«አጃኢብ ነው!» አለች እናቴ የቀፎውን ገመድ እየጠቀለለች። «እስከ ዛሬ ከሁለት ወልዮች ጋር የምኖር መስሎኝ! ሁለታችሁም አጭበርባሪዎች ናችሁ። ኑ ብሉ።»

ከዚህ በኋላ ስድስት ዓመት አልፏል። ሰኢድ የወረኢሉዋን ልጅ አግብቷል፤ ስልክ ሲደውል «ብርዝ ነኝ» ይለኛል። እኔ ዛሬም እሰግዳለሁ፤ ዛሬም ክርኔን አያለሁ፤ ግን አንድ ጊዜ ብቻ። ሌላም የተለወጠ ነገር አለ። የምሠራላት እመቤት «ኢንሻአላህ እረፍት እሰጥሻለሁ» ስትለኝ፣ «በየትኛው ቀን፣ እመቤቴ?» እላታለሁ። ትቆጣለች። ቀኑን ግን ትናገራለች። እናንተም ፍርዱን ለፈጣሪ ትቻለሁ የሚል ሰው ሲገጥማችሁ፣ ያ ሰው እናንተው ብትሆኑም እንኳ፣ ውጤቱን አስቀድሞ ያውቅ እንደሆነ ጠይቁት።

አንድ ነገር ግን እስካሁን ይከነክነኛል። አባቴ ያን ሁሉ ክርክር ሲከራከሩኝ ስለ ባሕሩ፣ ስለ አሠሪዎች፣ ስለ ሰው ወሬ ነገሩኝ። «ትናፍቂኛለሽ፣ አትሂጅብኝ» አላሉኝም። ያንን ቢሉኝ ኖሮ፣ ወላሂ፣ ምናልባት እቀር ነበር። እሱን ማለት አቅቷቸው ነው ነገሩን በንብ ያሳበቡት።

ንቡ በገባ በማግስቱ ጠዋት ሻንጣዬን ይዤ ፊታቸው ተንበረከክሁ። አባቴ ዱዓ ሲያደርጉ ሰው እግሩ እስኪደነዝዝ ያስረዝማሉ፤ በአገሩ የታወቀ ነው። ያን ቀን እጃቸውን አነሡ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ ግን አልወጣም። ጠበቅን። አሁንም ጠበቅን። ከዚያ እጃቸው ፊታቸው ላይ እንደተዘረጋ፣ «አሚን» አሉ።

«ምን አሉና ነው አሚን የምንለው?» አለች እናቴ።

«እሱ ሰምቷል» አሉ አባቴ፣ ፊታቸውን ከእጃቸው ሳያወጡ። «እናንተ ብቻ አሚን በሉ።»

አልን።